ከተጣለ ዕቃ የሠራነው መሣሪያ ዜማ እንዲያወጣ ምን እናድርግ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከ9 እስከ 13 ዓመት የሆናቸው 20 ልጆች ያሉበት የሙዚቃ ክበብ እመራለሁ። መሣሪያ የምንገዛበት ገንዘብ የለንም። ስለዚህ ከተጣሉ ዕቃዎች መሥራት ጀመርን። ጠርሙስ ውስጥ ጠጠር ጨመርን፣ ካርቶን ላይ የብር ማሰሪያ ላስቲክ ወጥረን ጊታር ሠራን፣ ጣሳውን ከበሮ አደረግነው። ቀለም ቀብተናቸው በጣም ያምራሉ። የሚያወጡት ግን ጫጫታ ብቻ ነው። አንድም ዜማ መጫወት አልቻልንም። ልጆቹም በሳምንቱ ሰለቻቸው። ከአንድ ወር በኋላ ለወላጆች ማሳየት አለብን። እውነተኛ ዜማ የሚያወጣ መሣሪያ ከተጣለ ዕቃ መሥራት ይቻላል? ከምን እንጀምር?

መልስ፦ ይቻላል። አንድ ወርም በቂ ነው። መጀመሪያ ግን ስለ ልጆቹ አንድ ነገር ልበል። የሰለቻቸው ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም። ጆሯቸው እውነቱን ነግሯቸው ነው። አንድ ልጅ ጊታር ብሎ የሠራው ነገር እንደ ጊታር ካልዘፈነለት፣ የቱንም ያህል ቢያምር በሦስተኛው ቀን ይተወዋል። እኔም ብሆን እተወዋለሁ።

ብዙ ሰው የሚጀምረው ከመልኩ ነው። ካርቶኑን የጊታር ቅርፅ ያስይዘዋል፣ ቀለም ይቀባዋል፣ ድምፁን ለዕድል ይተወዋል። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። ዕቃውን ገና ከመሬት ሲያነሱት ያንኳኩት፣ ይንፉበት፣ ያዳምጡት። ከዚያ ሁለት ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ፦ እዚህ ዕቃ ላይ የሚንቀጠቀጠው ምኑ ነው? ያንን መንቀጥቀጥ የሚያፍነውስ ምንድን ነው? ለሁለቱ መልስ ካገኙ መሣሪያው ግማሽ መንገድ ሄዷል። የቀረው ልክ ነው። ቀለሙ መጨረሻ ላይ ይደርሳል።

ይህንን የሠሩ ሰዎች አሉ። በፓራጓይ ዋና ከተማ በአሱንሲዮን ዳርቻ ካቴውራ የሚባል ትልቅ የቆሻሻ መጣያ አለ። ፋቪዮ ቻቬስ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ2006 በዚያ አካባቢ ለሚኖሩ ልጆች ሙዚቃ ማስተማር ጀመረ። ልጆቹ በዙ፣ መሣሪያው አነሰ። ኒኮላስ ጎሜስ የተባለ ከቆሻሻው ዕቃ የሚለቅም ባለ እጅ አናጢ ከዘይት ቆርቆሮ ቫዮሊን፣ ከነዳጅ በርሜል ቼሎ ሠራላቸው። ከአሮጌ የውሃ ቧንቧ ሳክስፎን ተሠራ፤ ቁልፎቹ የጠርሙስ ክዳንና ሳንቲም ናቸው። የራጅ ፊልም የከበሮ ቆዳ ሆነ። ያ ኦርኬስትራ ብዙ አገር ዞሮ ተጫውቷል። ልብ ይበሉ፦ የቫዮሊኑ ሆድ ቆርቆሮ ነው፤ የክሩ ርዝመትና የበርኩማው (ክሩን ከሆዱ ከፍ አድርጎ የሚይዘው እንጨት) ቦታ ግን በልክ ነው። ልኩ ባይጠበቅ ኖሮ ቆርቆሮው ቆርቆሮ እንደሆነ ይቀር ነበር።

በካሪቢያን ባሕር ባለችው ደሴት በትሪኒዳድም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ ወጣቶች የብስኩትና የቀለም ጣሳ እየደበደቡ በሰልፍ ይወጡ ነበር። ጣሳው ላይ ጎበጥ ወይም ጎድጎድ ያለው ቦታ የተለየ ድምፅ እንደሚሰጥ አስተዋሉ። ከዚያ ሆን ብለው መቀጥቀጥ ጀመሩ። ከጣሳ ወደ 55 ጋሎን የነዳጅ በርሜል ተሻገሩ። እ.ኤ.አ. በ1951 ከእነሱ መካከል የተመረጠ ቡድን ለንደን ሄዶ ተጫወተ። እ.ኤ.አ. በ1992 ደግሞ ይህ ከበርሜል የተሠራ መሣሪያ፣ ስቲልፓን፣ የትሪኒዳድና ቶቤጎ ብሔራዊ መሣሪያ ሆነ። መነሻው ጣሳ የሚያዳምጥ ጆሮ ነው።

ወደ እርስዎ ልጆች እንመለስ። ለመረዳት የሚቀለው ቧንቧ ስለሆነ ማብራሪያውን ከእሱ ልጀምር። ቧንቧ አይዋሽም። ርዝመቱ ድምፁን ይወስናል፤ በቃ። ለኤሌክትሪክ ሽቦ ማሳለፊያ የሚሆነው ጠንካራ ፕላስቲክ ቱቦ፣ የውስጥ ስፋቱ 1.5 ሳንቲሜትር ገደማ ከሆነ፣ ለመንፋት በጣም ይመቻል። የሕንፃ ሥራ ባለበት ሁሉ ቁርጥራጩ ይጣላል። አንዱን ጫፍ በቡሽ ይዝጉና ክፍቱን አፍ ከታችኛው ከንፈር ጋር አስጠግተው፣ ጠርሙስ እንደሚነፋ፣ አግድም ይንፉ። አንድ የጠራ ድምፅ ይወጣል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። በ20 ዲግሪ ሙቀት ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ይጓዛል። አንድ ጫፉ የተዘጋ ቧንቧ ርዝመት የሞገዱ ሩብ ነው። ስለዚህ 8575ን በሚፈልጉት ሄርዝ (ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚንቀጠቀጥ የሚናገረው ቁጥር) ቢያካፍሉ ርዝመቱ በሳንቲሜትር ይመጣል። ለምሳሌ 523 ሄርዝ የሆነችውን ዶ ከፈለጉ 16.4 ሳንቲሜትር ነው። ለቀሩት ደግሞ የእሷን ርዝመት በእነዚህ ክፍልፋዮች ያባዙ፦ 8/9፣ 4/5፣ 2/3፣ 3/5፣ 1/2። በሳንቲሜትር ሲሆኑ 14.6፣ 13.1፣ 10.9፣ 9.8 እና 8.2 ናቸው። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ እና ላይኛዋ ዶ ማለት ነው። የትዝታ ሜጀር ቅኝት ድምፆች እነዚሁ ናቸው። ሆን ብዬ አምስቱን መረጥኩ። ከእነዚህ የትኛውም ሁለት ድምፅ አብሮ ቢሰማ ጆሮ አይቧጥጥም። ልጅ ተሳስቶ የሌላውን ተራ ቢነፋ እንኳ ዜማው አይፈርስም። ለጀማሪ ክበብ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ዋናው ዘዴ። ቧንቧውን ከሒሳቡ ሁለት ሳንቲሜትር አስረዝመው ይቁረጡ። ልኩ የሚቆጠረው ከክፍቱ አፍ እስከ ቡሹ ፊት ነው። ቡሹን ከታች በእርሳስ ገፋ ሲያደርጉት ድምፁ ይቀጥናል። ከላይ ወደ ታች ሲመልሱት ይወፍራል። በስልክ ላይ በነፃ የሚገኝ የቱነር (የድምፅን ልክ የሚያሳይ) አፕ ከፍተው አንዱ ልጅ ይንፋ፣ አንዱ መርፌውን ይይ፣ አንዱ ቡሹን ይግፋ። መርፌው መሃል ላይ ሲቆም የልጆቹን ፊት ይመልከቱ። ቅድም ቱቦ የነበረው ነገር ስም ያለው ድምፅ ሆኗል። ያንን ቅጽበት ያየ ልጅ መሣሪያውን አይጥልም።

መጀመሪያ ሲነፋ ድምፁ ከሒሳቡ ትንሽ ወፈር ቢል አይደንግጡ። ቧንቧው ውስጥ ያለው አየር ከአፉ ትንሽ ወጣ ብሎም ይንቀጠቀጣል። በዚህ ስፋት ግማሽ ሳንቲሜትር ያህል ነው። የነፊው ከንፈርም ይጨምርበታል። ቡሹ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ቡሹን በሙጫ አትለጥፉት። እኔ አንድ ጊዜ ጠዋት በብርድ የቃኘሁትን አንድ ሙሉ ረድፍ በሙጫ ዘጋሁት። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲመጣ ቧንቧዎቹ ሁሉ ከፍ አሉ፤ አብረዋቸው ከሚጫወቱት ከጣውላ መሣሪያዎች ጋር አልገጥም አሉኝ። የሚፈታው ነገር ደግሞ አልነበረም። 10 ዲግሪ የሙቀት ለውጥ የግማሽ ኖታ ሢሶ ያህል ያንሸራትታል። ስለዚህ በምትጫወቱበት ቦታ፣ ለአንድ ደቂቃ ያህል ነፍታችሁ ቧንቧውን ካሞቃችሁ በኋላ ቃኙ።

ወፍራም ድምፅ ከፈለጉ ሰፊውን የፍሳሽ ቧንቧ ይጠቀሙ፤ 5 ሳንቲሜትር ስፋት ያለውን። ሁለቱም ጫፍ ክፍት ይሁን። አፉን በአሮጌ ሸበጥ ጫማ ጠፍ ያድርጉት። ሆድ ውስጥ የሚገባ ድምፅ ነው የሚያወጣው። እዚህ ላይ ርዝመቱ የሞገዱ ግማሽ ስለሆነ 17150ን በሄርዙ ያካፍላሉ። 131 ሄርዝ ለሆነችው ወፍራም ዶ 131 ሳንቲሜትር ይሆናል። በዚያው ይቁረጡ፣ ያዳምጡ፣ ከዚያ ግማሽ ግማሽ ሳንቲሜትር እየቀነሱ ወደ ልኩ ያምጡት። ቆርጦ ማሳጠር ይቻላል፤ ቆርጦ ማስረዘም ግን የለም። ክፍልፋዮቹ ያው የበፊቶቹ ናቸው።

ሁለተኛው ጣውላ ነው። የተሰባበረ የዕቃ መጫኛ ፓሌት፣ አሮጌ የወለል ጣውላ፣ ደረቅና ጠንካራ ከሆነ ጥሩ ነው። እዚህ ላይ ሁሉም ሰው የሚሳሳተው አያያዙን ነው። 40 ሳንቲሜትር ጣውላ ይውሰዱ። ጫፉን ጨብጠው መሃሉን ይምቱት። "ጥ" ይልና ይሞታል። አሁን ከጫፉ 9 ሳንቲሜትር ላይ በሁለት ጣት ብቻ ላላ አድርገው ያንጠልጥሉትና እንደገና ይምቱት። ይጮኻል! ጣውላው ያው ነው፣ ዱላው ያው ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። ጣውላ ሲመታ መሃሉና ሁለት ጫፎቹ ይወዛወዛሉ። በመካከላቸው ሁለት ጸጥ ያሉ መስመሮች አሉ፤ ከእያንዳንዱ ጫፍ በርዝመቱ 22.4 በመቶ ላይ። እዚያ ላይ ቢይዙት ወይም ቢያስቀምጡት ድምፁን አያፍኑትም። ለልጆቹ በዓይናቸው ያሳዩአቸው። ጣውላውን በሁለት ስፖንጅ ላይ አስቀምጡና ጥቂት ደቃቅ ጨው በትኑበት። መሃሉን ደጋግማችሁ ቀስ ብላችሁ ምቱ። ጨው እየዘለለ ሄዶ በሁለቱ መስመሮች ላይ ይሰለፋል። ኤርንስት ክላድኒ የተባለው ጀርመናዊ የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1787 ባሳተመው ሥራው በብረት ሰሌዳ ላይ አሸዋ በትኖ ያሳየው ነገር ነው። የመጀመሪያ ጊዜ ያየ ልጅ ዝም ብሎ ያፈጣል።

የጣውላ ሒሳብ ከቧንቧ ይለያል። ቧንቧን በግማሽ ቢያሳጥሩት ድምፁ አንድ ኦክታቭ (ከዶ እስከ ላይኛዋ ዶ) ይወጣል። ጣውላ ግን ወደ 0.71 ሲያጥር ነው አንድ ኦክታቭ የሚወጣው። ውፍረቱ እኩል ከሆነ ከ40 ሳንቲሜትር ተነስተው 37.7፣ 35.8፣ 32.7፣ 31 እና 28.3 ይቁረጡ። እንጨት እንደ ፕላስቲክ አንድ ዓይነት ስላልሆነ ትንሽ ይዛነፋል። ከፍ ለማድረግ ጫፉን ይሙረዱ። ዝቅ ለማድረግ ከሥር መሃሉን በሞረድ ትንሽ ይፋቁት። በሁለት የተጠቀለለ ጨርቅ ላይ ይደርድሯቸው። ጣውላዎቹ እያጠሩ ስለሚሄዱ ሁለቱ ጨርቆች ወደ አንዱ ጎን እየተጠጋጉ ይሄዳሉ። አሮጌ የብረት ቱቦም በዚሁ ልክ ይሠራል፤ ድምፁ እንደ ደወል ይቆያል።

ስለ ቅደም ተከተል አንድ ነገር። መቃኘቱ የሚያስቸግረውን አስቀድሙ፣ የሚቀለው ይከተለው። መጀመሪያ ጣውላውን ጨርሱ። ረጅሙ ጣውላ የሰጣችሁን ድምፅ "አንድ ቁጥር" በሉት። ዶ መሆኑ ግድ አይደለም። ከዚያ ቧንቧዎቹን ቡሽ እየገፋችሁ ወደ እሱ አምጡ። ብዙ ክበብ ይህንን ገልብጦ ይሠራና ሁለቱ አንገጥምም ይሉታል።

አሁን ወደ ካርቶኑ ጊታር። ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም፤ የላስቲኩ ነው። ክር ሲወጠር ድምፁ መቅጠን አለበት። የብር ላስቲክ ግን ሲወጥሩት ይረዝማል። ርዝመቱ ድምፁን ወደ ታች ይጎትተዋል፣ ውጥረቱ ወደ ላይ ይስበዋል። ሁለቱ ይጠፋፉና ድምፁ እዚያው አካባቢ ይዋልላል። በዚያ ላይ ካርቶኑ ራሱ ይጎብጣል። ስለዚህ ላስቲኩን ትታችሁ የዓሣ ማጥመጃ ናይሎን ወይም የተጣለ የጊታር ክር ያዙ። ስድስት ክር አያስፈልግም። አንድ ይበቃል።

ቀጥ ያለ ጠንካራ ዱላ፣ ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ፣ አንድ ክር። ጣሳውን በዱላው አንድ ጫፍ እሰሩ፣ ክሩን በጣሳው ሥር ላይ በምትቆም ትንሽ የእንጨት በርኩማ ላይ አሳልፉ። በርኩማዋ የክሩን መንቀጥቀጥ ለቆርቆሮው የምታቀብል እሷ ናት። ዝርግ ተጋድማ ከተኛች ድምፁ ይታፈናል። ሌላኛው ጫፍ ላይ ብሎን ለመቃኛ ይሆናል። ከብሎኑ ወደ ውስጥ አንዲት ቁራጭ እንጨት ከክሩ ሥር ሸጉጡ። ከእሷ እስከ በርኩማዋ ያለው የሚዘፍነው ክር 60 ሳንቲሜትር ይሁን። ከዚያ እነዚያኑ ክፍልፋዮች ከበርኩማው ተነስታችሁ ለኩ፦ 53.3፣ 48፣ 40፣ 36፣ 30። በእነዚህ ላይ ዱላው ላይ መስመር አስምሩ። ቀለማችሁ እዚህ ሥራ ያገኛል፤ ለእያንዳንዱ ድምፅ አንድ ቀለም። የኪንሻሳው ስታፍ ቤንዳ ቢሊሊ ባንድ ውስጥ ሮዤ ላንዱ የተባለው ወጣት በአንድ ክርና በአንድ ጣሳ ይጫወት የነበረውን የሰማ ሰው አንድ ክር ያንሳል አይልም።

አንድ ክር ድምፁ ትንሽ ነው። አዳራሽ ውስጥ ካስቸገራችሁ ከተበላሸ መጫወቻ ወይም ከሚጮኽ ማንቂያ ውስጥ የምትገኘውን ሳንቲም የምታክል ክብ የነሐስ ሰሌዳ አውጡ። ፒዬዞ ትባላለች። ሁለት ሽቦ በይዳችሁ ከማጉያ ጋር አገናኙ፤ ጣሳው ላይ አጥብቃችሁ ለጥፏት። ማይክ ሆነች ማለት ነው።

ጠርሙስም አለ። ውሃ በተለያየ መጠን ሲጨመርበት ይቃኛል። ልጆች የሚወዱት አንድ ምስጢር አለው፦ ውሃ ሲጨምሩ የሚነፋው ድምፅ ይቀጥናል፣ በማንኪያ የሚመታው ድምፅ ግን ይወፍራል። ሲነፋ የሚንቀጠቀጠው የቀረው አየር ነው። ሲመታ የሚንቀጠቀጠው መስታወቱ ነው፤ ውሃው ይከብድበታል። ለትዕይንቱ ግን ብዙም አልመክረውም። ይደፋል፣ ይሰበራል፣ ውሃውም እየተነነ ቅኝቱን ያዛባል።

ከበሮው ቀላል ነው። ትልቅ ባልዲ ገልብጦ መምታት ይበቃል። ቆዳ ካማራችሁ ሥሩ የወጣ ባልዲ አፍ ላይ የካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር በመስቀለኛ እየወጠራችሁ ሦስት አራት ድርብ ለጥፉ። ጠጠር ያለባቸውን ጠርሙሶች አትጣሏቸው። ከሩብ በላይ ከሞላችኋቸው ግን ቀንሱላቸው፤ ጠጠሩ መብረሪያ ቦታ ይፈልጋል።

ጥንቃቄው ላይ ጥብቅ ልሁን። የፀረ ተባይ፣ የአሲድ፣ የሞተር ዘይት ወይም የቀለም ማቅጠኛ የነበረበት ዕቃ አይነካም፤ ታጥቦም ቢሆን። የሚረጭ ቆርቆሮ አይቆረጥም። የአምፖል ቱቦ አይነካም። የተቆረጠ ጣሳ ጠርዙ ታጥፎ በፕላስተር ይሸፈን። የፕላስቲክ ቧንቧ በመጋዝ ይቆረጥ እንጂ በእሳት አይጠመዘዝ፤ ጭሱ ሳንባ ያቃጥላል። መጋዙን የሚይዘው አዋቂ ይሁን፣ ዱቄቱ በእርጥብ ጨርቅ ይነሳ። የሚነፋው ሁሉ በሳሙና ታጥቦ ስም ይጻፍበት፤ አንዱ የሌላውን አይነፋም። ጣሳና ባልዲ ደግሞ በጠባብ ክፍል ውስጥ ለ20 ልጅ ጆሮ ይከብዳል። ልምምዱን ደጅ አድርጉት።

አጨዋወቱስ? እያንዳንዱ ልጅ ሙሉ ዜማ ይችላል ብለው አይጠብቁ። አንድ ልጅ፣ አንድ ድምፅ። 12 ልጆች ቧንቧ ይያዙ፤ ለስድስቱ ድምፆች ሁለት ሁለት። ሁለት ልጆች ጣውላ፣ ሁለት ልጆች አንድ ክር፣ ሦስቱ ባልዲና ጠጠር፣ አንዱ መሪ። መሪው በጣቱ ቁጥር ያሳያል፤ ቁጥሩ የተጠራው ልጅ ብቻ ይነፋል። መጀመሪያ በጣም በዝግታ። ዜማው ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው እየዘለለ ይሄዳል፤ ልጆቹ ተራቸውን እስኪጠብቁ የሌላውን ማዳመጥ ግድ ይሆንባቸዋል። ጥሩ ባንድ የሚሠራው ዋና ነገር ይኸው ነው፤ እዚህ ገና ከመጀመሪያው ቀን ይለምዱታል። መሪነቱ በየቀኑ ይዙር። የባልዲዎቹን ቁጥር አታብዙ፤ ሦስት ባልዲ 12 ቧንቧ ይውጣል።

የመጀመሪያውን ሳምንት ዕቃ በማንኳኳትና በመምረጥ፣ ጣውላ በመቁረጥ አሳልፉት። ሁለተኛውን ለቧንቧና ለክር። የቀረው ሁለት ሳምንት ለልምምድ ይሁን። ረጅሙ ጣውላችሁ ቱነሩ ላይ ስንት ሄርዝ እንዳሳየ ጻፉልኝ። ሒሳቡ ካስቸገራችሁ የ12ቱንም ቧንቧ ርዝመት በዚያ ልክ አውጥቼ እልክላችኋለሁ።